ማኅበር ባለበት የኬሚካል ፋብሪካ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል ኦፕሬተር ከውጭ ይቀጠር ወይስ ከውስጥ ይደግ?

ጥያቄ፦ «ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ በሚያመርት ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ከተመደብሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። በመቆጣጠሪያ ክፍል አራት የኦፕሬተር ቦታዎች ክፍት ናቸው። የምርት ክፍሉ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ከውጭ በኮንትራት ቶሎ እንድቀጥርለት ይወተውተኛል። የሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት በአገልግሎት ዘመን የሚቀድሙት የመስክ ኦፕሬተሮች ያድጉ ይላል። ከእነዚህ አንዱ በቅርቡ ቫልቭ በስህተት ከፍቶ መጠነኛ ጋዝ እንዲያፈተልክ ያደረገ ሰው ነው፤ ማኅበሩ ስለተከላከለለት እስካሁን አልተቀጣም። ማኅበሩ ብቃት የሌለውን ሰው እንድቀበል ሊያስገድደኝ ይችላል? ሳንጣላ ጥሩ ሰው የማገኘውስ እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ማኅበሩ ብቃት የሌለውን ሰው መቆጣጠሪያ ክፍል እንዲያስቀምጡ ሊያስገድድዎ አይችልም። እርስዎም በበኩልዎ ሳይፈትኑት «አይችልም» ብለው ተራውን ሊነጥቁት አይችሉም። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት፤ አመልካቾቹ በምን መለኪያ እንደሚመዘኑ የሚናገር አንድ ቃል አላገኘሁም። የምርት ክፍሉ «ከውጭ» ይላል፣ ማኅበሩ «በአገልግሎት» ይላል፤ ሥራው ምን ዕውቀት እንደሚጠይቅ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፈም። የጠቡ ሥር ይህ ነው። መለኪያ በሌለበት፣ ማኅበሩ ቆጥሮ ሊያሳየው የሚችለው ብቸኛ ነገር የአገልግሎት ዓመት ነውና እርሱን መያዙ አይገርምም።

ከሁሉ አስቀድመው የኅብረት ስምምነቱን አውጥተው ስለ ደረጃ ዕድገት የሚናገረውን አንቀጽ ራስዎ ያንብቡ። ሰው ስለ አንቀጹ የሚያወራውና አንቀጹ የሚለው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። እንዲህ ያሉ አንቀጾች በጥቅሉ በሦስት መልክ ይጻፋሉ። አንዳንዱ አገልግሎትን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው፣ ሥራውን ለመሥራት የሚያበቃ ችሎታ ካላቸው መካከል በአገልግሎት የሚቀድመው ይደግ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የአመልካቾች ችሎታ ተቀራራቢ በሚሆንበት ጊዜ አገልግሎት ይለያቸው ይላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ፤ በገላጋይ ፊት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ማለፊያው 70 ነው እንበል። በሁለተኛው አጻጻፍ 72 ያመጣ የ20 ዓመት ሠራተኛ፣ 95 ያመጣውን የ5 ዓመት ሠራተኛ ይቀድማል። በሦስተኛው 72 እና 95 ተቀራራቢ ናቸው ብሎ መከራከር ስለሚያስቸግር ባለ 95ቱ የማደግ ዕድል አለው። የእርስዎ ስምምነት የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከማኅበሩ ጋር ስብሰባ አይቀመጡ።

ከአንቀጹ ጋር ያለፈውን አሠራርም ይመርምሩ። ባለፉት ዓመታት ስንት ሰው፣ በምን መመዘኛ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል እንደገባ ከማኅደር ያውጡ። ፋብሪካው ለረጅም ጊዜ ያለ ፈተና ሲያሳድግ ኖሮ ዛሬ በድንገት ፈተና ቢያመጣ፣ ማኅበሩ «ይህ ሰው እንዳያልፍ የተፈጠረ ፈተና ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም የሚያምነው ያገኛል። ፈተናው አስፈላጊ ነው፤ ግን አስቀድሞ ተነግሮ፣ ለሁሉም እኩል፣ ስማቸው ገና ለማይታወቅ አመልካቾች ተብሎ መዘጋጀት አለበት።

አሁን ወደ ምርት ክፍሉ ልምጣ። ከውጭ የሚመጣው ባለልምድ በማግሥቱ ቦርዱ ላይ፣ ማለትም ሂደቱ የሚመራበት የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ፣ ተቀምጦ ይሠራል ብሎ ካሰበ ተሳስቷል። በነዳጅ ማጣሪያ ለዓመታት የሠራ ጎበዝ ኦፕሬተር ስክሪኑን ቶሎ ይለምደዋል፤ ክሎሪንን ግን አያውቀውም። እርጥብ ክሎሪን ተራውን የብረት ቱቦ በልቶ ይጨርሰዋል፤ ደረቁ በዚያው ብረት ውስጥ በሰላም ይሄዳል። ታይታኒየም ደግሞ በተገላቢጦሽ እርጥቡን ይችላል፤ ደረቅ ክሎሪን ካገኘው ይቀጣጠላል። ክሎሪኑ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን አብሮት የነበረው ጥቂት ሃይድሮጅን በተረፈው ጋዝ ውስጥ እየተጠራቀመ መጠኑ ይጨምራል፤ ወደ 4 በመቶ ሲጠጋ ድብልቁ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው የማስጠንቀቂያ ደወል ሲጮህ ደወሉን ያጠፋል እንጂ ምክንያቱን አያገኝም። መስመሩን ለዓመታት በእግሩ የዞረ የመስክ ኦፕሬተር ግን የትኛው ቫልቭ ሲዘጋ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው መለኪያ የተሳሳተ ንባብ እንደሚሰጥ ያውቃል።

ይህን ስል የመስክ ኦፕሬተር ሁሉ ለቦርድ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ቫልቭ በእጅ ማዞርና በአንድ ጊዜ ከሃያ ደወል መካከል ዋናውን ለይቶ መወሰን የተለያየ ችሎታ ይጠይቃሉ። መስክ ላይ እጅግ የሚታመን ሰው ቦርድ ላይ ሲቀመጥ የሚደነግጥበት ጊዜ አለ። ማኅበሩም ይህን መቀበል አለበት፤ ዓመታት መቁጠር ብቻውን ማንንም ከጋዝ አያድንም።

በኮንትራት ስለ መቅጠር ምክሬ አጭር ነው፤ ለዚህ ቦታ አያድርጉት። ሥራው ቋሚ ሆኖ ሳለ ውሉን ጊዜያዊ ማድረግን የብዙ አገሮች ሕግ ይገድባል፤ የእርስዎም ስምምነት ሳይከለክለው አይቀርም። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሉ በወራት ውስጥ የሚያልቅ ሰው «ይህ ነገር አላማረኝም፣ እናቁመው» ለማለት ድፍረት ያጣል። ነባሮቹም ቦታቸውን እንደወሰደ ስለሚቆጥሩት በፈረቃ ርክክብ ላይ የሚያውቁትን ሁሉ አይነግሩትም። በኬሚካል ፋብሪካ የርክክብ ዝምታ አደጋ ነው። የኮንትራት ሠራተኛ ለዓመታዊ ጥገና ይጠቅማል፤ ያኔም ቢሆን አደገኛ የማምረቻ ክፍል ቆሞ ከነበረበት ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት ከአካባቢው መራቅ አለበት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2005 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በነዳጅ ማጣሪያ በደረሰው ፍንዳታ የሞቱት 15 ሰዎች በሙሉ የኮንትራት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሥራ በመጀመር ላይ ከነበረው የማምረቻ ክፍል አጠገብ በቆሙ ተንቀሳቃሽ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ ነበሩ።

ክፍት ቦታዎቹ አራት ብቻ ይመስሉዎታል፤ ቆጠራው ግን ከዚያ ይበልጣል። አራት የመስክ ኦፕሬተሮች ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ሲያድጉ አራት የመስክ ቦታ ይከፈታል። እነዚያን ከጭነትና ከረዳትነት ሥራ የሚያድጉ ሰዎች ሲይዟቸው ደግሞ ታች አራት ቦታ ይከፈታል። በሦስት እርከን አሥራ ሁለት ሰው ቦታ ይቀይራል፤ እያንዳንዱም ሥልጠና፣ ፈተናና የሙከራ ጊዜ አለው። ብዙ የሰው ሀብት ክፍሎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፦ ላይኛውን ቦታ ሞልተው ሲያርፉ ታችኛው ይራቆታል። ከውጭ መቅጠር ያለብዎ ከታች ነው፤ መቅጠር ያለብዎም ቦታው ከመለቀቁ በፊት ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ማን ጡረታ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ የልደት ቀናቸው ማኅደራቸው ውስጥ አለ። ማኅበሩም ከታች በሚደረግ የውጭ ቅጥር አይጣላም፤ ቋሚ አባላት ስለሚጨምሩለት ብዙ ጊዜ ደስ ይለዋል።

እስከዚያው ክፍተቱን በትርፍ ሰዓት እየሸፈኑ እንደሆነ እገምታለሁ። እዚህ ላይ አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ቀደም ብዬ በጠቀስሁት የቴክሳስ ሲቲ አደጋ፣ መርማሪዎች ኦፕሬተሮቹ 29 እና ከዚያ በላይ ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 12 ሰዓት ሲሠሩ እንደነበር አረጋግጠዋል፤ የቦርዱ ኦፕሬተርም ብቻውን ሦስት ክፍሎችን ይቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 በሕንድ ቦፓል ሜቲል አይሶስያኔት የተባለ መርዛማ ኬሚካል ከፋብሪካ አፈትልኮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመግደሉ በፊት ወጪ ለመቀነስ ሲባል የኦፕሬተሮች ቁጥር ተቀንሶ፣ የሥልጠና ጊዜውም አጥሮ ነበር። ሁለቱም አደጋዎች ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሏቸው፤ የሰው ቁጥርና ድካም ግን በሁለቱም ታሪክ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ከማኅበሩ ጋር ዛሬውኑ የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ይፈራረሙ፤ አንድ ሰው በተከታታይ ስንት ቀን፣ በአንድ ፈረቃ ስንት ሰዓት ሊሠራ እንደሚችል ይወሰን። ጣሪያው ከተነካና ሰው ከሌለ ምርት ይቀነሳል። ገንዘቡን የሚፈልጉ ሠራተኞችም ይህን ይቃወማሉ፤ ማኅበሩ ፈርሞ አብሮዎት መቆሙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ፈተናው። መለኪያውን ከማኅበሩና ከደኅንነት ኮሚቴው ጋር አብረው ይጻፉ፤ ውጤቱን ግን በሥራው የበቁ መዛኞች ይስጡ። ማኅበሩ ታዛቢ ያስቀምጥ፣ ነጥብ አይስጥ። ፈተናው ሦስት ክፍል ቢኖረው ይመረጣል። አንደኛው በጽሑፍ ሆኖ ስለ ኬሚካሎቹ ባሕርይና ስለ ሂደቱ ይጠይቃል። ሁለተኛው በመስክ ነው፦ አመልካቹ ከመዛኙ ጋር መስመሩን እየተከተለ «ይህ ከተዘጋ ግፊቱ የት ይሄዳል?» ሲባል በእጁ እያሳየ ይመልሳል። ሦስተኛው በማስመሰያ ወይም በወረቀት የተዘጋጀ ድንገተኛ ሁኔታ ነው፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በተረፈው ጋዝ ውስጥ ሃይድሮጅን እየጨመረ ነው፣ ያመለጠ ክሎሪን በኮስቲክ ሶዳ የሚታጠብበት ማማ የኮስቲክ ፓምፑ ቆሟል፣ ስልክም ይደወላል፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ምርቱን ለማቆም ማንን ታስፈቅዳለህ? የዚህ የመጨረሻው መልስ «ማንንም አላስፈቅድም» መሆን አለበት። ይህን ለመመለስ የሚያመነታ ሰው ካጋጠመዎ ጉድለቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው ያለ ፈቃድ የማቆም ሥልጣን በግልጽ አልሰጠውም ማለት ነው።

ማለፊያ ነጥቡ ከፈተናው በፊት ይወሰን። የፈተና ወረቀቱና የመዛኞቹ ማስታወሻ ይቀመጥ፤ ቅሬታ ሲቀርብ የሚያድንዎ እርሱ ነው። የወደቀ ሰው የወደቀበት ተነግሮት፣ ሠልጥኖ ዳግም ይፈተን። ከውስጥ የሚያልፍ ሰው ጭራሽ ከታጣ፣ አብዛኞቹ ስምምነቶች ከውጭ መቅጠርን ይፈቅዳሉ፤ ያን ጊዜ የውጭውም ሰው በቋሚ ውል ይቀጠርና ያንኑ ፈተና ይውሰድ።

ከታች ለሚቀጥሯቸው አዲስ ሰዎች ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። በቃለ መጠይቅ ላይ ማንም ስለ ማኅበር አባልነት፣ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ስላደረገው አድማ ወይም ቅሬታ እንዳይጠይቅ ይከልክሉ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ቁጥር 98 ስምምነት የማኅበር አባል አለመሆንን የቅጥር ቅድመ ሁኔታ ማድረግን ያወግዛል፤ ይህ ጥያቄ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ክፍል ሰዎች አንደበት ሳይሆን ከፈረቃ ኃላፊ ነውና አስቀድመው ይንገሩት። የጤና ምርመራው ከሥራው ጋር የተያያዘ ይሁን፤ የሳንባ አቅም ልኬት ሠራተኛው ለጋዝ ከመጋለጡ በፊት ይወሰድ፣ ኋላ ጉዳት ቢደርስ የሚነጻጸረው ከእርሱ ጋር ነው። ሐኪሙ ለእርስዎ የሚጽፈው «ለሥራው ብቁ ነው»፣ «አይደለም» ወይም «በዚህ ገደብ ብቁ ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ የበሽታው ስም እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ምንም ጉዳይ የለውም። ፊት ላይ ገጥሞ የሚዘጋ የመተንፈሻ ጭንብል በጢም ላይ እንደማይዘጋም ለአመልካቹ ከመፈረሙ በፊት ይነገረው።

ቫልቭ ስለከፈተው ሰው ያሉትን ማረም አለብኝ። ማኅበር ለአባሉ መቆሙ ግዴታው ነው፤ ይህን ስላደረገ ጥፋትን ሸፈነ ማለት አይደለም። እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ቅጣቱን ከማሰብዎ በፊት የሚከተለውን እንዲያውቁ ነው። ቫልቩ የሚነበብ መለያ ነበረው? ከጎኑ ካለው ቫልቭ ጋር ይመሳሰላል? የአሠራር መመሪያው የዛሬውን መስመር ያሳያል ወይስ ከመቀየሩ በፊት የነበረውን? ሰውየው ስንተኛ ተከታታይ ፈረቃው ላይ ነበር? በዚያው ቦታ ሌላ ሰው ቢቆም ኖሮ ያንኑ ያደርግ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነ፣ እርሱን ቀጥተው ቫልቩን እንደነበረ ቢተዉት በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ይከፍተዋል። አውቆ መመሪያ ከጣሰ፣ ሰክሮ ከነበረ፣ ወይም የሆነውን ከደበቀ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ በስምምነቱ በተቀመጠው ሥርዓትና የጊዜ ገደብ ውስጥ፣ የመከላከል ዕድል ሰጥተው ይቅጡት። ማኅበሩ በእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ላይ በአደባባይ ቢከራከርም፣ ከማንም በላይ አብረውት የሚሠሩት አባላቱ እንደሚጎዱ ያውቃል።

የአደጋ ምርመራና የዲሲፕሊን ምርመራ በአንድ ኮሚቴ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አይሁኑ። ሠራተኛው ለደኅንነት መርማሪ የሚናገረው ቃል ነገ የስንብት ደብዳቤ ላይ እንደሚወጣ ካመነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጥቃቅን ማፈትለክ ማንም አይነግርዎትም። እነዚያ ጥቃቅን ወሬዎች ትልቁን አደጋ አስቀድመው የሚያሳዩዎ ናቸው። ይህ ሰው ለዕድገቱ ያመልክት ወይ? በምርመራው አውቆ እንዳጠፋ ካልተረጋገጠና ጊዜው ያላለፈ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በስምምነቱ መሠረት ካላገደው፣ እንደማንኛውም ሰው ይፈተን። ካለፈም ይደግ።

ከማኅበሩ ጋር ስለሚኖርዎ የዕለት ተዕለት ግንኙነት አንድ ነገር ላይ እጸናለሁ፦ ደኅንነት የድርድር ዕቃ አይሁን፣ በሁለቱም ወገን። «ጭማሪውን ከቀነሳችሁ ጭንብሉን እንገዛለን» የሚል አሠሪ ያሳፍራል፤ ለደመወዝ ጥያቄ ጉልበት ለማግኘት ሐሰተኛ የደኅንነት ቅሬታ የሚያቀርብ ማኅበርም እንዲሁ። እውነተኛ ስጋት ያየ ሠራተኛ ከቦታው ሲሸሽ ግን አድማ መታ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የኬሚካሎች ስምምነት፣ ቁጥር 170፣ ሠራተኛ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ከአደጋው የመራቅ መብት ይሰጠዋል፤ ወዲያው ለአለቃው ማሳወቅ ይጠበቅበታል፣ በዚህም ምክንያት ሊጎዳ አይገባም። የፈረቃ ኃላፊዎችዎ ይህን ያውቃሉ? ካላወቁ በሚቀጥለው ሳምንት ይሠልጥኑ።

ስለ አድማም ጸጥታው ባለበት ሰዓት ይነጋገሩ። የክሎሪን ፋብሪካ እንደ ልብስ ስፌት ማሽን ቁልፍ ተጭኖ ትቶት የሚኬድ አይደለም። ሥራ ቢቋረጥ ሂደቱን በሥርዓት የሚያቆሙት፣ ታንኮቹንና የማጠቢያ ማማውን የሚጠብቁት የትኞቹ ተረኞች እንደሆኑ በሰላሙ ጊዜ የተፈረመ ዝርዝር ይኑርዎ።

እኔ የስምምነትዎን ጽሑፍ አላየሁም፤ ውልን፣ የሙከራ ጊዜንና ስንብትን የሚገዛው ሕግም ከአገር አገር ይለያያል። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አንቀጹን ያንብብልዎ።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። የኮንትራቱን ቅጥር ያቁሙ። በዚህ ሳምንት የማኅበሩን ሊቀመንበርና የምርት ኃላፊውን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው የመለኪያውን ረቂቅ ይጀምሩ፤ የትርፍ ሰዓት ጣሪያውንም በዚያው ስብሰባ ያስፈርሙ። መለኪያው እንዳለቀ አራቱን ቦታዎች በውስጥ ማስታወቂያ ያውጡ፤ በዚያው ቀን ደግሞ ከታች ለአራት አዲስ ሠራተኞች የውጭ ማስታወቂያ ይውጣ። የምርት ኃላፊው «ይህ ሁሉ እስኪሆን ወራት ይፈጃል» ይልዎታል፤ እውነቱን ነው። እስከዚያ ባሉት ሰዎች በደኅና ሊሠራ የሚችለው የምርት መጠን ስንት እንደሆነ ራሱ አስልቶ፣ በፊርማው ለሥራ አስኪያጁ እንዲያቀርብ ይጠይቁት።